በሽተኛው የሚፈርመው ውል፤ በአሜሪካ ተራ ክሊኒኮች ስለሚደረገው የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የቀረበ ትችት

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በሄሮይን ወይም ይህን በመሰለ ሱስ የታመመ ሰው ቡፕረኖርፊን የተባለውን መድኃኒት ለመጀመር ወደ አንድ ተራ ሐኪም ክሊኒክ በሄደ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ከማግኘቱ አስቀድሞ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል። ወረቀቱ «የሕክምና ስምምነት» ወይም «የሕክምና ውል» ይባላል፤ ርዝመቱም አንድ ወይም ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። በሽተኛው ይፈርምበታል፤ ከካርዱ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያም አንድ ነገር እስኪበላሽ ድረስ ማንም ገልጦ አያየውም። የዚህ ጽሑፋችን ዓላማ ይህን ወረቀት እንደ አንድ ድርሰት ቆጥረን፥ ደራሲው ማን ነው፥ የሚናገረው ለማን ነው፥ የሚፈራውስ ምንን ነው ብለን ለመመርመር ነው። ስለ አሜሪካ ክሊኒክ ወረቀት መጨነቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ከባሕር ማዶ የሕክምና መጽሐፍ ሲመጣ ቅጹም አብሮ እንደሚመጣ እናስታውሰዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኦፒዮይድ የሚባሉት ከኦፒየም የሚወጡ ወይም የኦፒየምን ጠባይ ይዘው በፋብሪካ የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲሆኑ፥ ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ኦክሲኮዶንና ፈንታኒል ከእነዚህ ወገን ናቸው። ቡፕረኖርፊን ራሱም የዚሁ ወገን ነው፤ ነገር ግን ሥራው ግማሽ ነው። በአንጎል ውስጥ ኦፒዮይድ የሚያርፍበትን ቦታ አጥብቆ ይይዛል፤ ሐራራውን ያስታግሣል፤ ሌላው መጥቶ እንዳያርፍበት ይከላከላል፤ ሆኖም መጠኑ ቢጨመር እንኳ ትንፋሽን የማዳከም ኀይሉ ከተወሰነ ደረጃ አያልፍም። ከምላስ ሥር በሚሟሟ ክኒን ወይም ስስ ልጥፍ መልክ ይሰጣል። ተበጥብጦ በመርፌ እንዳይወሰድም ብዙ ጊዜ ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ ይቀላቀልበታል። ሐራራ ያልነውን ለመረዳት፥ ቡናው ሳይፈላለት የዋለ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚፈልጠውና በማን ላይ እንደሚቆጣ ያየ አንባቢ መነሻው አለው፤ በዚያ ላይ ትውከቱን፣ ተቅማጡን፣ የአጥንት ቁርጥማቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ይጨምርበት።

ወረቀቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። በ1914 የወጣው የሃሪሰን ሕግ በስሙ የግብር ሕግ ነበር፤ ነገር ግን በ1919 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዌብ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፥ ሱሰኛን ከሐራራ ለማሳረፍ ብቻ ተብሎ የሚጻፍ የሞርፊን ማዘዣ የሐኪም ማዘዣ ሊባል አይችልም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያደረጉ ሐኪሞች መከሰስና መታሰር ያዙ፤ የቀሩትም ሱሰኛ ከደጃቸው እንዳይደርስ ማድረግን ተማሩ። በ1965 ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር በኒውዮርክ 22 የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን እንዳከሙ ባሳተሙ ጊዜ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ሆኖም በ1974 የወጣው ሕግ ይህን ሕክምና በልዩ ምዝገባ ውስጥ አጠረው፤ በሽተኛውም በየማለዳው በሜታዶን ጣቢያ ተሰልፎ፥ ነርስ እያየችው የሚጠጣ ሆነ። ተራው ሐኪም በክሊኒኩ ተቀምጦ ሱሰኛን እንዲያክም የፈቀደው የ2000 ሕግ ነው። ቡፕረኖርፊን ለዚሁ ሥራ በ2002 ተፈቀደ። ፈቃዱ ግን ነጻ አልነበረም። ሐኪሙ የ8 ሰዓት ትምህርት መማርና ልዩ ቁጥር ማውጣት ነበረበት፤ በመጀመሪያ ከ30 በላይ፥ ከ2006 በኋላ ከ100 በላይ፥ ከ2016 በኋላ ከ275 በላይ በሽተኛ እንዳይይዝ ተወስኖ ነበር። ይኸው ሐኪም ግን ሱሱን የሚያመጣውን ኦክሲኮዶን ያለዚህ ትምህርትና ያለዚህ ገደብ ሲያዝ ኖሯል! ይህ ልዩ ፈቃድ በ2022 ታኅሣሥ መጨረሻ በሕግ ተሻረ። ሕጉ ሲሻር ግን በእሱ ጥላ ሥር የበቀለው ወረቀት አብሮ አልተሻረም።

እዚህ ላይ ፈረንሳይን ማንሣት ይገባል። ፈረንሳይ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ማንኛውም ሐኪም ቡፕረኖርፊን እንዲያዝ ፈቀደች፤ ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜም ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት በ79 ከመቶ ቀነሰ። ለዚህ ምክንያቱ ቡፕረኖርፊን ብቻ ነው አንልም፤ በዚያው ጊዜ የሜታዶን ሕክምናም ተስፋፍቷል። የሆነ ሆኖ፥ ጥብቅ አጥር ካልታጠረበት ይህ ሕክምና ሊኖር አይችልም የሚለው አሳብ ፈረንሳይን ያየ ሰው ሊናገረው የሚችል አይመስለንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ወረቀቶቹ ከክሊኒክ ክሊኒክ በቃል አገባብ ይለያዩ እንጂ በይዘት እጅግ ተቀራራቢ ናቸው። በቀጠሮ ሰዓት መገኘት፤ መድኃኒቱን ከአንድ መድኃኒት ቤት ብቻ መግዛት፤ የጠፋ ወይም የተሰረቀ መድኃኒት እንደማይተካ ማወቅ፤ በተጠሩ ጊዜ ሽንት መስጠት፤ በስልክ ሲነገር የቀረውን መድኃኒት ይዞ ለቆጠራ መቅረብ፤ አልኮልና የማረጋጊያ መድኃኒቶችን መተው፤ የምክር ስብሰባ አለመቅረት፤ ለሠራተኞች በትሕትና መናገር፤ መድኃኒቱን አለመሸጥና ለሌላ አለመስጠት። አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ግን ከይዘቱ ይልቅ አነጋገሩን ነው። ወረቀቱን የጻፈው ክሊኒኩ ሆኖ ሳለ፥ የሚናገረው በበሽተኛው አፍ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ «እኔ እስማማለሁ»፣ «እኔ ተረድቻለሁ» እያለ ይሄዳል። ቅጣቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ አድራጊው ይሰወራል፤ ሕክምናው «ሊቋረጥ ይችላል» ይባላል እንጂ ማን እንደሚያቋርጠው አይነገርም። እኔ የሚለው ቃል በግዴታው ሁሉ ላይ ሲደጋገም፥ በቅጣቱ ላይ ግን የሐኪሙ እጅ አይታይም።

ከሕግ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ጋር በዚህ ነገር ተነጋግረንበት ነበር። በ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1675 ውልን ሲተረጉም፥ ስለ ንብረት ግዴታ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት አድርጎ ነው። በዚህ ሚዛን ቢመዘን ወረቀቱ ውል ለመባል ይቸግረዋል። ነገሩ የንብረት ሳይሆን የሰውነት ነው፤ ግዴታ የገባውም አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ ያም ወገን የሚፈርመው ሐራራ ይዞት እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። በአገራችን ሁለት ሰዎች ውል ሲዋዋሉ ሽማግሌ የሚቀመጠው ለሁለቱም ነው።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ባሕርያቸው የተለያየ ሦስት ዐይነት ጠባዮችን በአንድ መስመር ይደረድራቸዋል። አንዳንዱ ጠባይ ሌላውን ሰው በእውነት የሚጎዳ ነው፤ መድኃኒቱን መሸጥ፣ በተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው መምታት ወይም ማስፈራራት እንደዚህ ነው። አንዳንዱ ሥራን የሚያውክ ብቻ ነው፤ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መምጣት፣ ስልክ አለማንሣት፣ ካርድ በምታወጣው ሠራተኛ ላይ መነጫነጭ። አንዳንዱ ደግሞ የበሽታው ምልክት ነው፤ ሕክምና ላይ ሳሉ ሄሮይን መውሰድ፣ ከዚያም ማፈር፣ ከዚያም መደበቅ። ለሦስቱም የተጻፈው መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ስንብት ነው። የስኳር በሽተኛ ደሙ ተመርምሮ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ሐኪሙ መጠኑን ይለውጣል፤ ምግቡን ይጠይቀዋል፤ ምናልባት ይቆጣው ይሆናል። «ውሉን አፍርሰሃልና ኢንሱሊን አልሰጥህም» የሚለው ሐኪም ግን ገና አልሰማንም። የሱስ በሽተኛ ሽንት ሄሮይን ሲያሳይ ግን፥ የበሽታው መኖር ራሱ ከበሽታው ሕክምና ለመባረር ምክንያት ይሆናል።

ጠባይ ከበሽተኛው ፈቃድ ብቻ የሚመነጭ ነው የሚል ካለ፥ በአሜሪካ በሐኪም የሚታዘዙ የሕመም ማስታገሻዎች ሱስ በያዛቸው 653 ሰዎች ላይ ተደርጎ ዌይስና ጓደኞቹ በ2011 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከት። በጥናቱ ሁለተኛ ክፍል 360 ሰዎች ለ12 ሳምንት ቡፕረኖርፊን ከናሎክሶን ጋር ወስደው ነበር። በ12ኛው ሳምንት ከኦፒዮይድ የራቁት ወይም ለመራቅ የቀረቡት 49.2 ከመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ከቆመ ከ8 ሳምንት በኋላ ግን እነዚያው ሰዎች ሲታዩ፥ በጥሩ ሁኔታ ላይ የተገኙት 8.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ አልተለወጡም። አስተዳደጋቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ ለራሳቸው የገቡት ቃል ሁሉ ያው ነው። የተወሰደባቸው መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ጠባዩ ስለ ተበላሸ መድኃኒቱን የሚከለክል ሐኪም፥ ጠባዩን ሲያቃናለት የነበረውን ነገር ራሱ እየነሣው ነው ማለት ነው።

ስንብቱ በቁጥር ሲታይም ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የሶርዶና የጓደኞቹ የጥናቶች ክምችት እንደሚያሳየው፥ ቡፕረኖርፊን ሲወስዱ ከቆዩ ሰዎች በዓመት ከ1,000 የሚሞተው 4.3 ሲሆን፥ ከሕክምናው ከወጡ በኋላ 9.5 ነው። በሜታዶን ደግሞ 11.3 የነበረው ወደ 36.1 ይወጣል። በርግጥ ከሕክምና የሚወጡትና የሚቆዩት በሁሉም ነገር እኩል ናቸው ለማለት አይቻልም፤ ቀድሞውንም የደከመው ነው ቶሎ የሚወጣው። ይህን ያህል ብንቀንስለት እንኳ ልዩነቱ ከባድ ነው። በአሜሪካ በ2022 ብቻ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ከ107 ሺሕ በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹንም የገደለው ፈንታኒልን የመሰለ ኦፒዮይድ ነው። ከክሊኒክ የተሰናበተ ሰው የሚወጣው ወደዚህ ገበያ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ስለሚከብድበት አንድ ቦታ እንናገር። ላቦራቶሪው የበሽተኛውን ሽንት መርምሮ ቡፕረኖርፊን በብዛት አለበት ይላል፤ ነገር ግን ኖርቡፕረኖርፊን የተባለው አይገኝበትም። ኖርቡፕረኖርፊን ማለት ጉበት መድኃኒቱን ሲፈጭ የሚወጣው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በሰውየው ጉበት አላለፈም፤ ልጥፉ የተነከረው በብርጭቆው ውስጥ ነው። ሐኪሙ ተታሏል፤ በዚህም መናደዱ የሰው ጠባይ ነው። በወረቀቱ መሠረት ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። በእኛ አስተያየት ግን ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን ሸጦት ይሆናል። ወይም ደግሞ ሚስቱም በዚሁ ሱስ ታማ፥ ሐኪም አጥታ፥ ለሁለት ሲካፈሉት ከርመው ይሆናል። ወይም ባለፈው ሳምንት ሄሮይን ወስዶ፥ ቡፕረኖርፊኑን በላዩ ቢወስድ ሐራራው በድንገት እንደሚነሣበት ስለሚያውቅ ትቶት፥ እውነቱን እንዳይናገር ደግሞ የፈረመውን አስታውሶ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ውሸት ማን ጻፈው ብለን ብንጠይቅ፥ እኩሌታው የወረቀቱ ድርሰት ነው። ውድቀቱን የተናገረውን የሚያሰናብት ደንብ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። የሽንት ምርመራም በዚህ ጊዜ የሕክምና መሣሪያነቱ ይቀርና ድብብቆሽ ይሆናል፤ ሐኪሙ አዲስ ምርመራ ባዘዘ ቁጥር በሽተኛው አዲስ ብልሃት ይፈልጋል። ምርመራው ራሱም እንከን አለበት። የተለመደው የኦፒየት ምርመራ ለብቻው ካልታዘዘ በቀር ፈንታኒልን አያሳይም፤ ስለዚህ «ንጹሕ» የተባለው ሽንት ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

የምክር ስብሰባ የቀረ ይሰናበታል ስለሚለው አንቀጽ ብዙ መናገር አያሻም። ካኮና ጓደኞቹ በስዊድን አድርገው በ2003 ባሳተሙት ጥናት 40 ሱሰኞች ሁሉም ምክርና የቡድን ሕክምና ሲያገኙ፥ 20ዎቹ ቡፕረኖርፊን፥ ለ20ዎቹ ግን መድኃኒቱ በስድስት ቀን ተቀንሶ ካለቀ በኋላ የማስመሰያ ክኒን ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 75 ከመቶ በሕክምናው ላይ ነበሩ፤ ከሁለተኞቹ አንድም አልቀረም፤ አራቱ ሞተዋል። ፊሊንና ጓደኞቹ ደግሞ በ166 በሽተኞች ላይ ለ24 ሳምንት አድርገው በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየመጡ የሚቀበሉትና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀበሉት፥ ረጅም ምክር የሚሰጣቸውና አጭር ምክር የሚሰጣቸው፥ በውጤታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ምክር ይጠቅማል፤ ለሚፈልገው ሰው ሊገኝለትም ይገባል። ነገር ግን ምክሩን የመድኃኒቱ መያዣ ማድረግ መሠረት የለውም፤ የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ራሱ በ2020 ባደሰው መመሪያው በሽተኛው ምክሩን ባይቀበል መድኃኒቱ አይከልከል ብሏል። ስለ ማረጋጊያ መድኃኒቶችም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በ2017 ተመሳሳይ ቃል ሰጥቷል፤ አብሮ መውሰዱ አደገኛ መሆኑን ሳይሸሽግ፥ ሕክምናውን መከልከል ግን ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነውን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ወረቀቱ ይቀደድ፤ ሐኪም ፖሊስ አይደለም» ብለውናል። በዚህ አንስማማም። እንዲህ የሚናገር ሰው ተራ መጠበቂያ ክፍሉን ረስቶታል። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ስድብ ለመስማት አልተቀጠረችም፤ አጠገቡ የተቀመጠችው እናትም ልጇን ይዛ የመጣችው ለክትባት ነው። ለሰፈር ልጆችም ቢሆን ቡፕረኖርፊን እንደ ትልቅ ሰው አይራራም፤ አንድ ክኒን የዋጠ ሕፃን ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ በሽተኛው መድኃኒቱን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ጭካኔ ሊባል አይችልም። በመንገድ የሚሸጠውን ቡፕረኖርፊን ከሚገዙት ብዙዎቹ የሚገዙት ለደስታ ሳይሆን ሐራራን ለማስታገሥ መሆኑን ጥናቶች ቢያሳዩም፥ ሻጩ ራሱ ሳይታከም መቅረቱ እውነት ነው። ሐኪሙም ቢሆን ያለ ምክንያት አይፈራም፤ የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መዝገቡን የመመርመር ሥልጣን አለው፤ ፈቃዱን ቢያጣ የቀሩት በሽተኞቹ ሁሉ ሐኪም ያጣሉ።

የምንነቅፈው እንግዲህ ደንብ መኖሩን ሳይሆን፥ ደንቡ ከስንብት በቀር ሌላ ቋንቋ አለማወቁን ነው። በስንብትና በዝምታ መካከል እኮ ሰፊ ቦታ አለ። የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ የሚሄደው በሽተኛ ቢሳሳት የአንድ ሳምንት ይሰጠዋል፤ ያም ካልበቃ የሁለት ቀን፤ ልጥፉንም ነርስ እያየችው ከምላሱ ሥር ያደርጋል። መጠኑ አንሶት እንደ ሆነ ይጨመርለታል፤ ብዙ ጊዜ «ጠባይ» ተብሎ የሚመዘገበው ነገር 8 ሚሊግራም ተሰጥቶት 16 የሚያስፈልገው ሰው ሐራራ ነው። ሽያጭ የሚጠረጠርበት በሽተኛ ከ2017 ጀምሮ በተፈቀደው፥ በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር በሚሰጠው መርፌ ሊታከም ይችላል፤ በመርፌ ገብቶ በሰውነት ያደረ መድኃኒት ለገበያ አይቀርብም፤ አይጠፋም፤ አይቆጠርምም። ዋጋው ከልጥፉ እጅግ መብለጡን ግን አንክድም። ዘግይቶ ለሚመጣውም በሳምንት አንድ ከሰዓት ያለ ቀጠሮ መግቢያ ቢከፈት ግማሹ ጠብ ይቀራል። በቦስተን ሜዲካል ሴንተር ከ2003 ጀምሮ የተሠራበትና በኋላ በማሳቹሴትስ የጤና ጣቢያዎች የተስፋፋው አሠራር የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ በነርሷ እጅ ያደርገዋል። በሽተኛው ስልክ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ ሽንቱን የምትቀበለው፣ መድኃኒት ቤቱን የምታነጋግረው፣ የቀረውን የምትፈልገው እሷ ናት። በሽተኛው አንድ የሚያውቀው ሰው ሲኖረው፥ ሠላሳ አንቀጽ ያለው ወረቀት ሊሠራ ያልቻለው ነገር ይሠራል። በእኛ አገር እድር ሰውን የሚይዘው በመተዳደሪያ ደንቡ ብቻ ነው የሚል ማንም የለም።

ወረቀቱን እንድንጽፈው ብንጠየቅ በሁለት ወገን እንጽፈው ነበር። በአንዱ ወገን የበሽተኛው ግዴታ ይገባል፤ መድኃኒቱን መቆለፍ፣ አለመሸጥ፣ በክሊኒኩ ውስጥ ማንንም አለማስፈራራት። በሌላው ወገን የክሊኒኩ ይገባል፤ ሄሮይን ወስጃለሁ ብሎ የመጣ በሽተኛ በዚያው ቀን እንደሚታይ፥ በተናገረው እውነት ምክንያት መድኃኒቱ እንደማይቋረጥበት፥ የሽንቱ ውጤት ከመወሰኑ በፊት እንደሚነገረውና እንደሚጠየቅ። የሚታይበት ቀን ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ግዴታ ሆኖ በፊርማው ይጸናል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ቢላ የሚያወጣ ወይም ነርሷን የሚከተል በሽተኛ አይጠፋም፤ እርሱን በዚያ ክሊኒክ አቆዩት ማለት አንችልም። ነገር ግን ማሰናበትና ማስተላለፍ አንድ አይደሉም። ወደ ሜታዶን ጣቢያ ወይም ወደ ሌላ ሐኪም ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ቀጠሮው እስኪደርስ የሚበቃው መድኃኒት በአደራ ለመድኃኒት ቤት ይሰጥለት፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው የናሎክሶን የአፍንጫ ርጭትም በእጁ ይያዝ፤ አጠቃቀሙንም አብሮት ለሚኖረው ሰው ያሳዩት፤ ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ ሊረጭ አይችልምና።